አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ «የፍሪአርቶስ ታይመር አይታመንም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሙያ ጓደኞቼ መካከል ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። ርዕሱ «የፍሪአርቶስ ሶፍትዌር ታይመር አይታመንም» ይላል። ፍሪአርቶስ በትንንሽ ቺፖች ላይ ብዙ ሥራዎችን በየተራ የሚያስኬድ ስርዓተ ክወና ነው፤ ሶፍትዌር ታይመሩ ደግሞ ጊዜ ቆጥሮ አንድ ፈንክሽን እንዲጠራልን የምናዝበት ክፍሉ ነው። ጸሐፊው ኤስቲኤም32 በተባለ ማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር) የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሲሠሩ ታይመሮቻቸው አንዳንዴ ጨርሰው እንደጠፉ፣ አንዳንዴ እንደዘገዩ፣ አንዳንዴም ተደራርበው እንደመጡ ይተርካሉ። ከዚያ መላ ያሉትን ይዘረዝሩና «ሶፍትዌር ታይመርን እርሱት፤ ሁሉንም ወደ ሃርድዌር ታይመር አዛውሩ» ብለው ይደመድማሉ፤ በቺፑ ውስጥ ወደተሠሩት ቆጣሪዎች ማለታቸው ነው።

አየሁ ያሉትን ችግር አይተውታል፤ በዚያ አልከራከርም። እኔም እያንዳንዱን በየተራ ቀምሼዋለሁ፣ አንዱማ እንቁላል አስቆጥሮኛል፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። የማልስማማው በምክንያቱ ነው። ጥፋቱ የተሠራው በታስኮቹ (ፕሮግራሙ በተከፋፈለባቸው ሥራዎች) አደረጃጀትና በኮልባኮቹ (ጊዜው ሲደርስ በሚጠሩት ፈንክሽኖች) ውስጥ ሆኖ ሳለ ዱላው የወረደው ታይመሩ ላይ ነው። ጽሑፉን ያነበቡ ጀማሪዎች ምክሩን እንዳለ እየወሰዱት ስላየሁ ነጥብ በነጥብ መልስ መስጠት ግድ ሆነብኝ።

«ሶፍትዌር ታይመር እንደ ኢንተራፕት ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ሌላውን ሥራ አቋርጦ ይገባል» ይላሉ ጸሐፊው ገና በመግቢያቸው። የቀረው ስህተት ሁሉ የሚወለደው ከዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። ሶፍትዌር ታይመር አሁን ባለው መልኩ ወደ ፍሪአርቶስ የገባው በ2011 ከወጣው ቨርዥን 7 ጋር ሲሆን መሠረታዊ አሠራሩ እስከ ዛሬ ያው ነው። ስኬጁለሩ (ታስኮቹን ተራ የሚያስይዘው የፍሪአርቶስ ክፍል) ሲነሳ እናንተ ያልጻፋችሁት አንድ ተጨማሪ ታስክ ይፈጠራል። በዲባገራችሁ የታስክ ዝርዝር ውስጥ «ቲኤምአር ኤስቪሲ» የሚል ስም አይታችሁ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ካላችሁ እሱ ነው። ሥራው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጀምር፣ አቁም፣ ጊዜውን ቀይር፣ ሰርዝ የሚሉ ትዕዛዞችን ከወረፋ እያነሳ ይፈጽማል። ሁለተኛ፣ ጊዜያቸው የደረሰ ታይመሮችን ኮልባክ ይጠራል። ሃያ ታይመር ቢኖራችሁ የሃያውም ኮልባክ የሚሮጠው በዚህ በአንዱ ታስክ፣ በእሱ ፕራዮሪቲ (የቅድሚያ ደረጃ፤ ቁጥሩ ሲበልጥ ቅድሚያውም ይበልጣል) እና በእሱ ስታክ (የሥራ ሜሞሪ) ነው። አንድ መስኮት ብቻ የተከፈተበት ባንክ ማለት ነው፤ ከፊታችሁ ያለው ሰው ሳንቲም በጆንያ ይዞ ከመጣ እናንተ የያዛችሁት አንድ ቼክ ብቻ መሆኑ ምንም አይጠቅማችሁም።

ስለዚህ «ታይመሬ ለምን አልተነሳም?» ከማለት በፊት የሚጠየቀው «የታይመር ታስኩ ለመሮጥ ተራ አግኝቷል ወይ?» ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስንሄድ ይህ ግልጽ ይሆናል። ጸሐፊው አዲስ የሴንሰር ታስክ ከጨመሩ በኋላ ታይመሮቹ ድምፃቸው እንደጠፋ ይናገሩና «የታይመር ታስኩን ፕራዮሪቲ ወደ መጨረሻው ጫፍ ስቀሉት፤ ችግሩ ያልቃል» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ኪዩብኤምኤክስ የተባለው የኤስቲኤም32 ኮድ ማመንጫ ፕሮግራም ኮዱን ሲያመነጭላችሁ ለታይመር ታስኩ የሚሰጠው ፕራዮሪቲ 2 ነው። የሲምሲስ (ከፍሪአርቶስ በላይ የሚቀመጥ መደበኛ የጥሪ ሽፋን) ሁለተኛውን ቨርዥን ከመረጣችሁ ደግሞ «ኖርማል» የተባለው የተራ ታስክ ፕራዮሪቲ 24 ነው፤ ዝቅተኛ ማለትም «ሎው» የሚባለው እንኳ 8 ነው። ይህ ማለት ምንም ሳትነኩ የተዋችሁት ፕሮጀክት ውስጥ የታይመር ታስኩ ከሞላ ጎደል ከሁሉም ሥር ይቀመጣል። ይህን ቁጥር ሳያዩ ሁለትና ሦስት ቀን ያባከኑ ሰዎች አውቃለሁ፤ ጸሐፊው በመጠቆማቸው ምስጋና ይገባቸዋል።

ግን በጽሑፉ ውስጥ ያሰፈሩትን የሴንሰር ታስክ ተመልከቱት። ማለቂያ በሌለው ሉፕ ውስጥ አንድ ባንዲራ (ሁኔታ የሚያመለክት ተለዋዋጭ) እየደጋገመ ይጠይቃል፤ የሚተኛበትም፣ የሚጠብቅበትም ቦታ የለውም። በ24 ፕራዮሪቲ እንዲህ የሚሽከረከር ታስክ ካለ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይራባል። ታይመሩ በመጀመሪያ የታየው የሚታይ ሥራ ስለሚሠራ ብቻ ነው። ከእሱ ጋር ሌላ ሥራ ሲጠፋ የሚሮጠው አይድል ታስኩም ሞቷል፤ የተሰረዙ ታስኮችን ሜሞሪ የሚያጸዳው እሱ ስለሆነ ነገ ሌላ ጣጣ ይዞ ይመጣል። ፕራዮሪቲውን ወደ መጨረሻው ጫፍ፣ ወደ 55 መስቀል ታይመሩን ያድነዋል፤ በሽታውን ግን ለቀሩት ትቶላቸው ይሄዳል። መድኃኒቱ የሴንሰር ታስኩ ኖቲፊኬሽን ወይም ሴማፎር (ታስክ የሚቀሰቀስባቸው ምልክቶች) እየጠበቀ እንዲተኛ ማድረግ ነው።

በዚያ ላይ ጸሐፊው የሰቀሉት ታስክ ምን እንደተሸከመ እንይ። ቫልቩን የሚከፍተው ኮልባክ ውስጥ 200 ሚሊሰከንድ የሚቆይ «ሃል ዲሌይ» ተቀምጧል። ይህ ፈንክሽን አይተኛም፤ ቆጣሪውን እያየ ባለበት ይሽከረከራል። ፕራዮሪቲው 2 በነበረበት ጊዜ ቢያንስ ከበላይ ያሉት ታስኮች በላዩ እያለፉ ሥራቸውን ይሠሩ ነበር። 55 ላይ ሲወጣ ግን ቫልቭ በተከፈተ ቁጥር ከኢንተራፕቶች በቀር ጠቅላላ ሲስተሙ ለ200 ሚሊሰከንድ ይቆማል። ፍሪአርቶስ ራሱ ባለው «ታስክ ዲሌይ» ብንተካውስ? ሌሎቹ ታስኮች ይድናሉ፤ የታይመሮቹ መስኮት ግን ያው ይዘጋል። ኮልባክ ውስጥ መጠበቅ የሚባል ነገር አይገባም፤ በዲሌይም፣ በወረፋም፣ በሴማፎርም። ኮልባኩ ለአንድ ሠራተኛ ታስክ ኖቲፊኬሽን ሰጥቶ ይውጣ፤ ቫልቩን ከፍቶ 200 ሚሊሰከንድ የሚጠብቀው ያኛው ይሁን። ይህ ከተደረገ የታይመር ታስኩን ከፍ ባለ ፕራዮሪቲ ማስቀመጥ ምንም አያስፈራም፤ እኔም የማደርገው እንዲሁ ነው።

«ታይመሩ ተደራርቦ አራት ጊዜ ጠራ፤ የከርነሉ ጉድለት ነው» ያሉትም ከዚሁ ከ200 ሚሊሰከንዱ ጋር የተያያዘ ነው። ራሱን የሚደግም ታይመር ቀጣይ ጊዜውን የሚያሰላው ኮልባኩ ከተጠራበት ሰዓት ተነስቶ አይደለም፤ መጠራት ከነበረበት ሰዓት ተነስቶ ነው። መስኮቱ ለ200 ሚሊሰከንድ ከተዘጋ በየ50 ሚሊሰከንዱ የሚነሳ ታይመር አራት ዕዳ ይከማችበታል፤ መስኮቱ ሲከፈት አራቱንም በተከታታይ ይከፍላል። ሆን ተብሎ የተደረገ ነገር ነው። ለሚቆጥር ሥራ ደግ ነው፣ ቁልፍ ለሚያነብ ሥራ ክፉ ነው። ጸሐፊው አንድ ፒን ኮልባኩ ሲጀምር ከፍ፣ ሲጨርስ ዝቅ አድርገው በርካሽ ሎጂክ አናላይዘር (የፒኖችን ከፍና ዝቅ በጊዜ የሚስል መሣሪያ) ቢያዩት ኖሮ ረጅሙን 200 ሚሊሰከንድና ከኋላው የተሰለፉትን አራት ቀጫጭን ምቶች ባንድ ስክሪን ያገኟቸው ነበር። እኔ የታይመር አቤቱታ ሲመጣልኝ ኮድ ከማንበቤ በፊት ይህን ነው የማደርገው።

ሦስተኛው ክስ ከሁሉም የከበደ ነው፦ «ባለ 1 ሰከንድ ታይመር በአንድ ሰዓት ውስጥ 11 ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ቀረ።» እላይ ያልኩት እውነት ከሆነ ይህ መሆን አልነበረበትም። ሆኗል ግን። ለምን? ጸሐፊው የተጠቀሙት ራሱን የሚደግም ታይመር አይደለም፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚነሳ ታይመር ፈጥረው ኮልባኩ መጨረሻ ላይ በእጃቸው እንደገና ያስጀምሩታል። የስታርት ትዕዛዝ ይዞ የሚሄደው የተጠራበትን ቅጽበት ነው፤ አዲሱ አንድ ሰከንድ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ኮልባኩ 35 ፊደል ያላት አንዲት መስመር በሲሪያል ወደብ ያትማል። በ115200 ቦድ (በሰከንድ 115200 ቢት) አንድ ፊደል ከመነሻና ከማቆሚያ ቢቱ ጋር 10 ቢት ስለሚፈጅ በሰከንድ 11520 ፊደል ያልፋል፤ 35 ፊደል 3 ሚሊሰከንድ መሆኑ ነው። በሰዓት 3600 ጊዜ ሲደጋገም 10.8 ሰከንድ። ጸሐፊው «11 ያህል» ያሉት ልክ ናቸው፤ የጠፋውን ጊዜ የበላው ግን የራሳቸው የህትመት መስመር ነው። ሲፈጥሩት ራሱን እንዲደግም የሚያዘውን መለኪያ እውነት ቢያደርጉት ይህ ሂሳብ ዜሮ ይሆናል።

መዘግየትና መንሸራተት እንደማይመሳሰሉም እዚህ ላይ ልጥቀስ። ራሱን የሚደግም ታይመር አንዱን ምት 3 ሚሊሰከንድ ቢያዘገየው ቀጣዩ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሲንሸራተት ግን አይመለስም።

«ስታርት የሚመልሰውን ዋጋ ማየት አያስፈልግም፤ ሁልጊዜ ይሳካል» የሚለውን ሳነብ ቡናዬን አስቀመጥኩ። ስታርት ብሎ መጥራት ታይመር ማስጀመር አይደለም፤ ወረፋ ላይ ማመልከቻ ማስገባት ነው። ኪዩብኤምኤክስም ሆነ ኢኤስፒ32 የተባለው ሌላው ቺፕ ይህን ወረፋ 10 ቦታ ይሰጡታል። ጸሐፊው ስኬጁለሩ ከመነሳቱ በፊት ሜይን (የፕሮግራሙ መነሻ ፈንክሽን) ውስጥ 12 ታይመር ፈጥረው 12ቱንም ያስጀምራሉ። በዚያ ሰዓት ማመልከቻ የሚያነሳ ሠራተኛ ገና ሥራ አልገባም፤ ጠብቅ ብትሉትም ስኬጁለሩ ስላልተነሳ የመጠበቂያ ጊዜው ዋጋ የለውም። አሥሩ ይገባሉ፤ ሁለቱ «አልተሳካም» ተብለው ይመለሳሉ፤ መልሱን የሚያይ ደግሞ የለም። ጽሑፉ ውስጥ «ከሁሉም በላይ ምስጢር የሆኑብኝ» የተባሉት ሁለት ታይመሮች እነማን እንደሆኑ ልገምት? በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የተጻፉት 11ኛውና 12ኛው ናቸው። ወረፋውን 16 ማድረግ ወይም ታይመሮቹን ከአንድ ታስክ ውስጥ ማስጀመር ይበቃል፤ መልሱን ማየት ግን ግዴታ ነው።

እግረ መንገዴን ከዚህ የከፋውን ልንገራችሁ። ኮልባክ ውስጥ ሆኖ ሌላ ታይመር ማስጀመር ይቻላል፤ መጠበቂያ ጊዜው ግን 0 መሆን አለበት። ወረፋው ሞልቶ ሳለ እስኪለቀቅ ልጠብቅ ካላችሁ የሚጠብቀው የታይመር ታስኩ ራሱ ነው፤ ወረፋውን የሚያቀለው ደግሞ ሌላ ማንም የለም። ገንዘብ ያዡ ከመስኮቱ ወጥቶ ከደንበኞች ኋላ ተሰለፈ ማለት ነው። ያለ ገደብ ልጠብቅ ካላችሁ እስከ ሪሴት ድረስ እዚያው ይቆማል።

የማቆም ትዕዛዝም እንዲሁ ማመልከቻ ነው። የታይመር ታስኩ ከእናንተ በታች ከሆነ «ተሳክቷል» ከተባላችሁ በኋላም ኮልባኩ አንድ ጊዜ ሊጠራ ይችላል። ፓምፕ አጥፍቶ ወዲያው መልሶ ሲያበራ ካያችሁት ይህን አስታውሱ።

«ከኢንተራፕት ውስጥም መጠበቂያውን 0 አድርጎ ተራውን ስታርት መጥራት ይቻላል» ላሉት መልሱ አጭር ነው፦ አይቻልም። ለዚህ «ፍሮም አይኤስአር» («ከኢንተራፕት ውስጥ») የሚል ቅጥያ ያላቸው ፈንክሽኖች አሉ። እነሱም ቢሆኑ ኮርቴክስ ኤም (የኤስቲኤም32 ፕሮሰሰር) ላይ አንድ ወጥመድ አላቸው፤ ቁጥሩ ያነሰ ኢንተራፕት በአጣዳፊነት የበለጠ ነው። በተለመደው ቅንብር ፍሪአርቶስን መጥራት የሚችሉት ከ5 እስከ 15 ያሉት ብቻ ሲሆኑ ሪሴት የተደረገ ቺፕ ላይ ሁሉም ኢንተራፕት የሚነሳው ከ0 ነው። ቁጥሩን ሳትቀይሩ ከጠራችሁ አንድ ሳምንት ይሠራል፣ በሁለተኛው ሳምንት ደንበኛ ፊት ይንጠለጠላል። የአሰርት ማክሮውን (ስህተት ሲያገኝ ፕሮግራሙን ባለበት የሚያቆመውን መፈተሻ) ሥራ ላይ ብታውሉት ግን የመጀመሪያው ጥሪ ላይ ይይዛችኋል። ብዙ ሰው «ቦታ ይበላል» ብሎ ያጠፋዋል፤ እስኪ ምን ያህል እንደሚበላ ለኩት።

ስታክን በተመለከተ «እጥፍ አድርጉት» ይላሉ። ለኩት እላለሁ። ለአንድ ታስክ ከስታኩ ሳይነካ የቀረውን ዝቅተኛ መጠን የሚነግር ፈንክሽን አለ፤ የታይመር ታስኩን ሃንድል (መለያ) የሚሰጥም አለ። መጠኑ ኤስቲኤም32 ላይ በወርድ (በአራት አራት ባይት) ስለሚቆጠር 256 ማለት 1024 ባይት ነው፤ በኢኤስፒ32 የአምራቹ ቅጂ ውስጥ ግን 2048 ብላችሁ ስትጽፉ 2048 ባይት ብቻ ነው። ከኤስቲኤም32 ወደ ኢኤስፒ32 ኮድ ስታዛውሩ ቁጥሩን ብቻ ከገለበጣችሁ ስታኩን ሩብ ታደርጉታላችሁ።

አሁን ወደ 49 ቀኑ ስጋት። ቲክ ማለት ፍሪአርቶስ ጊዜ የሚቆጥርበት ምት ነው፤ በ1000 ኸርዝ አንዱ ቲክ 1 ሚሊሰከንድ ነው። ጸሐፊው «ባለ 32 ቢቱ የቲክ ቆጣሪ በ1000 ኸርዝ ከ49.7 ቀን በኋላ ወደ ዜሮ ስለሚመለስ ታይመሮቹ ይሞታሉ፤ በየወሩ ሪሴት አድርጉ» ብለዋል። ሂሳቡ ትክክል ነው፤ መደምደሚያው ስህተት ነው። ፍሪአርቶስ ታይመሮችን በሁለት ዝርዝር ይይዛል፤ አንዱ ከመዞሩ በፊት ለሚደርሱት፣ ሌላው ከዞረ በኋላ ለሚደርሱት። ቆጣሪው ሲዞር ሁለቱ ዝርዝሮች ቦታ ይለዋወጣሉ፤ የሚሞት የለም።

ስጋቱ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። በ2015 የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ቦይንግ 787 አውሮፕላኖች ለ248 ቀን ኃይላቸው ሳይቋረጥ ከቆዩ የጄነሬተር መቆጣጠሪያዎቻቸው ውስጥ ያለ የሶፍትዌር ቆጣሪ ሞልቶ ኃይል ሊያሳጣ እንደሚችል አስጠንቅቆ በየጊዜው እንዲጠፉ አዝዟል። የሰከንድ መቶኛዎችን በ31 ቢት ብትቆጥሩ የምትደርሱበት ቀን ይኸው 248 ነው። ቆጣሪ ይሞላል፤ የሚገድለው ለመሙላቱ ያልተዘጋጀው ኮድ ነው። በጸሐፊውም ፕሮጀክት ውስጥ እንዲህ ያለ መስመር አለ፦ የአሁኑ ቲክ ከማብቂያው ቲክ ይበልጣል ወይ ብሎ በቀጥታ የሚያወዳድር። መጀመሪያ መቀነስ፣ ከዚያ ያለፈውን ጊዜ ከሚፈለገው ጋር ማወዳደር ቢሆን ኖሮ ሲዞርም አይስትም ነበር። ለመፈተን ደግሞ 49 ቀን መጠበቅ አያስፈልግም፤ የቆጣሪውን መነሻ የሚወስን የኮንፊግ መስመር ስላለ ከመዞሩ አንድ ደቂቃ በፊት አስነሱትና ሻይ እየጠጣችሁ እዩት።

የመጨረሻው ምክራቸው፣ ሁሉንም ወደ ሃርድዌር ታይመር ማዛወር፣ ለተወሰነ ሥራ ልክ ነው። ማይክሮሰከንድ የሚፈልግ ነገር፣ የሞተር ፒደብሊውኤም (ፍጥነት የሚቆጣጠር ፈጣን ምት)፣ የአልትራሳውንድ ሴንሰር ልኬት፣ እነዚህን በሶፍትዌር ታይመር የሚሠራ ሰው ካለ ይተው። ግን ጸሐፊው የያዙት ሰማያዊው ኤፍ103ሲ8 ቦርድ ነው፤ ታይመሩ አራት ነው። በቻናል ከፋፍሎ 12 ሥራ ማስተናገድ ይቻላል፤ ያኔ ግን ያ ሁሉ የቫልቭ ኮድ ኢንተራፕት ውስጥ ይገባል፣ ባለ 200 ሚሊሰከንዱ ዲሌይም አብሮ። ትክክለኛነትም አይጨምርም፤ ሁለቱም ዓይነት ታይመር የሚጠጣው ከአንድ ምንጭ ነው። የቺፑ ውስጣዊ ኦሲሌተር (የሰዓት ምት ሰጪው) 1 በመቶ ከሳተ በቀን 14.4 ደቂቃ ነው፤ ሃርድዌር ታይመሩም ያንኑ ይስታል። ክሪስታሉ (ከቺፑ ውጭ ያለው የሰዓት ምት ምንጭ) አልነሳ ብሎ ቺፑ 72 ሜጋኸርዝ እንዲሆን ተጠብቆ በ8 ከቀረማ በየሰከንዱ ብልጭ የምትለው መብራት በየ9 ሰከንዱ ትሆናለች። ዘጠኝ እጥፍ ካያችሁ ኮዱን ተዉት፣ ብየዳውን እዩ።

ጽሑፉ ያላነሳው አንድ ነገር አለ፤ እላይ ቃል የገባሁትም ይህን ነው። ቢሾፍቱ ላለ አንድ የዶሮ እርባታ የጫጩት ማስፈልፈያ መቆጣጠሪያ ሠርቼ ነበር። እንቁላሎቹ በየ2 ሰዓቱ መገልበጥ አለባቸው። 7,200,000 ሚሊሰከንድ ብዬ ወደ ቲክ በሚቀይረው ማክሮ ሰጠሁት፤ ኮዱ ያለ ማስጠንቀቂያ ተጠናቀረ፣ ሞተሩም በደንብ ዞረ። በሦስተኛው ቀን የእርባታው ባለቤት ደወሉ፦ «ልጄ፣ ይሄ ማሽንህ እረፍት የሚባል አያውቅም እንዴ?» ሄጄ አጠገቡ ቁጭ ብዬ በስልኬ ቆጠርኩ። 48 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው።

መጀመሪያ እኔም ታይመሩን ነው የወቀስኩት፤ ሪሌውን ቀየርኩ፣ ፕራዮሪቲ ነካካሁ። ማታ ወረቀት ላይ ሳሰላው ወጣ። ማክሮው ሚሊሰከንዱን መጀመሪያ በቲክ ፍጥነቱ ያባዛል፣ ከዚያ ለ1000 ያካፍላል፤ በቆየው ቨርዥን ደግሞ ብዜቱ የሚሠራው በ32 ቢት ነው። 7,200,000 ሲባዛ በ1000 ማሰሮውን ሞልቶ ይፈሳል፤ የቀረው 2,905,032,704 ለ1000 ሲካፈል 2,905,032 ቲክ፣ ማለትም 48 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ይሆናል። በ1000 ኸርዝ ከ71 ደቂቃ ተኩል በላይ የሆነ ማንኛውም ጊዜ በዚያ ማክሮ ሲያልፍ ይህ ዕጣ ይደርሰዋል። በአዲሶቹ ቨርዥኖች ብዜቱ ወደ 64 ቢት ከፍ ብሏል፤ ብዙ ፕሮጀክት ውስጥ ያለው ግን አሮጌው ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ ኢኤስፒ32 ሳይነካ 100 ኸርዝ ስለሆነ 5 ሚሊሰከንድ ብትሉት ማክሮው 0 ቲክ ይሰጣችኋል፤ የ0 ቲክ ታይመር መፍጠር ደግሞ አሰርት ላይ ይጥላል።

ማክሮውን ትቼ 7200ን በቲክ ፍጥነቱ አባዛሁት፤ 7,200,000 ቲክ በ32 ቢት ውስጥ ተመችቶት ይገባል። በማግስቱ ጠዋት አዲሱን ኮድ ጭኜ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከማሽኑ አጠገብ ተቀመጥኩ። ባለቤቱ ሻይ ይዘውልኝ መጡና «አሁንስ ተበላሸ መሰለኝ፣ አይንቀሳቀስም» አሉኝ።